ነጩን ነጠብጣብ ከበር መመለስ፦ የጨው ውኃ አኳሪየምን ከጥገኛ ተሕዋሲያን ለመጠበቅ

የጨው ውኃ አኳሪየም ያለው ሰው አንድ ቀን ማለዳ መብራቱን ሲያበራ በዓሣው ክንፍ ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦችን ያያል። ደንግጦ ውኃውን ይቀይራል፣ ምግቡን ያሻሽላል፣ ከጓደኛው ምክር ይጠይቃል። በአራተኛው ቀን ግን ነጠብጣቦቹ አንድም ሳይቀሩ ይጠፋሉ፤ ዓሣውም እንደ ወትሮው ይበላል። ይህ በሽታ ሰውን ከሚያታልልባቸው መንገዶች ሁሉ የከፋው ይህ እፎይታ ነው፤ ምክንያቱም ነጠብጣቡ ከዓሣው ላይ የወረደው ሞቶ ሳይሆን ሊራባ ወደ አሸዋው ሄዶ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በምኖርበት ጠባብ አፓርታማ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አቋቁሜ በመጀመሪያው ዓመት ታንግ የተባለ አንድ የባሕር ዓሣ ከሱቅ ገዝቼ በዚያው ምሽት ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት። ነጠብጣቡ ወጣ፣ ነጭ ሽንኩርት የተቀላቀለበት ምግብ ሰጠሁ፣ ነጠብጣቡ ጠፋ፤ ፈውሱንም ለነጭ ሽንኩርቱ ሰጠሁ። በ12ኛው ቀን ማለዳ አምስቱም ዓሦች ከአፍ እስከ ጭራ ተሸፍነው አገኘኋቸው፤ ከሳምንት በኋላ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ደንብ አጭር ነው፤ እርጥብ የሆነ ማንኛውም ነገር ለይቶ ማቆያ ሳይገባ ወደ ዋናው ገንዳ አይገባም።

ጠላት እንዴት እንደሚኖር

ነጭ ነጠብጣብን የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። ሕይወቱ በአራት እርከን የሚያልፍ ሲሆን፣ የመከላከሉ ሥራ በሙሉ በእነዚህ እርከኖች የጊዜ ልክ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ቀናቱን ማወቅ ግድ ይላል። በመጀመሪያ ተሕዋሲው ከዓሣው የላይኛው ቆዳ ሥር ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ድረስ የዓሣውን ሕዋሳት ይመገባል። በዓይን የምናየው ነጭ ነጥብ ይህ ነው፤ በቆዳ የተሸፈነ ስለሆነም ውኃ ውስጥ የምንጨምረው መድኃኒት አይደርስበትም። ከዚያ ከዓሣው ላይ ወርዶ ለጥቂት ሰዓታት በወለሉ ላይ እየተሳበ ምቹ ቦታ ይፈልግና በአሸዋ፣ በድንጋይ፣ በመስተዋት ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ሽፋን በመሥራት ይቋጠራል። በቋጠሮው ውስጥ ደጋግሞ እየተከፈለ እስከ 200 የሚደርሱ ግልገሎች ይሆናል፤ በመጨረሻም ቋጠሮው ሲፈነዳ እነዚህ ግልገሎች ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ዓሣ ካላገኙ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚገድለው እነዚህን ዋናተኞች ብቻ ነው።

ችግሩ ቋጠሮዎቹ በአንድ ቀን አለመፈንዳታቸው ነው። አንዳንዱ በ3ኛው ቀን፣ አብዛኛው በ4 ሳምንት ውስጥ ይፈነዳል፤ እስከ 72 ቀን የቆየም ታይቷል። ዋናተኞቹ በአብዛኛው የሚለቀቁት በጨለማ ሰዓት፣ ዓሣው ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ በሚያድርበት ጊዜ ነው። በባሕር ውስጥ ከ200ዎቹ ዓሣ የሚያገኘው እጅግ ጥቂቱ ሲሆን የቀረው በሰፊው ውኃ ባክኖ ይቀራል። በ200 ሊትር ሣጥን ውስጥ ግን የሚያመልጥ ዓሣ የለም፤ እያንዳንዱ ዙር ከቀዳሚው በብዙ እጥፍ የበረታ ይሆናል። በሽታውን ተቋቁሞ የተረፈ ዓሣ ደግሞ ለጥቂት ወራት ከፊል መከላከያ ያዳብርና ምልክት ሳያሳይ ጥቂት ተሕዋስያንን ይሸከማል። «የእኔ ገንዳ ዓመት ሙሉ ጤነኛ ነው፤ አዲስ ዓሣ ባስገባሁ ቁጥር ግን ይሞትብኛል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠረጥረው አዲሱን ዓሣ ሳይሆን ነባሮቹን ነው።

ሁለተኛው ጠላት አሚሎኦዲኒየም ሲሆን በዓሣ አርቢዎች ዘንድ ቬልቬት ይባላል፤ የዓሣውን ቆዳ የከፋይ ጨርቅ የለበሰ ስለሚያስመስለው ነው። ነጠብጣቡ ከነጭ ነጠብጣብ እጅግ የደቀቀ፣ ወርቃማ ብናኝ የመሰለ ሲሆን የሚታየው ከጎን በኩል በእጅ ባትሪ ሲበራበት ነው። ነገር ግን አስቀድሞ የሚያጠቃው መተንፈሻውን ስለሆነ ዓሣው ብናኙ ከመታየቱ በፊት ሊሞት ይችላል። ዓሣው ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ፣ ምግብ እየተወ፣ ብርሃን እየሸሸና ፊቱን ወደ ፓምፑ ሞገድ አዙሮ እዚያው የሚቆም ከሆነ ነጠብጣብ ፍለጋ ጊዜ ማባከን አይገባም። ነጭ ነጠብጣብ ቀናት ይሰጣል፤ ቬልቬት የሚሰጠው ሰዓታትን ነው።

ለይቶ ማቆያው

ቃሉን በኮቪድ ዘመን ሁላችንም ለምደነዋል፤ አሠራሩም ያው ነው። ከ40 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ ተራ የመስተዋት ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትር፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያና ዓሣው ዘሎ እንዳይወጣ የሚከለክል የመረብ ክዳን ይበቃል። አሸዋና ድንጋይ አይገባበትም። አንደኛ፣ ቋጠሮዎች የሚሸሸጉበት ስፍራ ይሆናሉ፤ ሁለተኛ፣ ኖራማ ድንጋይና አሸዋ ለሕክምና የምንጨምረውን መዳብ ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ የመድኃኒቱን መጠን መቆጣጠር አይቻልም። ለዓሣው መሸሸጊያ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁርጥራጭ ያስገቡ፤ መልኩ ባያምርም ዓሣው ተረጋግቶ ያድርበታል።

አብዛኛው ሰው ለይቶ ማቆያን የሚጠላው ዓሣ ስለሞተበት ነው፤ ዓሣውን የገደለው ግን ብዙ ጊዜ ከራሱ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ፣ አሞኒያ ነው እንጂ ጥገኛ ተሕዋሲው አይደለም። አዲስ ገንዳ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች የሉትም። ስለዚህ ስፖንጁን ከበሽታ ነፃ መሆኑ በተረጋገጠ ዋና ገንዳ የማጣሪያ ክፍል ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አስቀድሞ ማኖር ይገባል፤ እንዲህ ያለ ገንዳ ለሌለው ጀማሪ በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ ይሻላል። ያም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሞኒያን በየቀኑ ይለኩ፤ ከፍ ካለም ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር በተስተካከለ ውኃ ከፊሉን ይቀይሩ።

በውኃው ላይ እዚህ ከተማ ያለነው ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የዋሽንግተን ዲሲ የቧንቧ ውኃ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የሚታከመው ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሐዱበት በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ እንደ ክሎሪን በባልዲ አድሮ አይተንም። ክሎራሚንን የሚበትኑ ፈሳሾች የተላቀቀውን አሞኒያ ስለሚተዉ አምራቾች አሞኒያን የሚይዝ ቅመም ይጨምሩባቸዋል፤ ይህ ዓይነቱ ቅመም ከአንዳንድ የመዳብ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ መዳቡን ወደ መርዛማ መልክ ይለውጠዋል። መውጫው ውኃውን በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውኃን እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ሽፋን ገፍቶ በሚያጣራ መሣሪያ) አሳልፎ ጨው ማሟሟት ነው። ማጣሪያው ለሌለው ሰው ከመደብር የተጣራ ውኃ በጋሎን መግዛት ያዋጣል፤ ለ40 ሊትር ገንዳ ወጪው ያን ያህል አይደለም።

ዓሣ ሲገዙ አይቸኩሉ። ሻጩን ፊት ለፊትዎ እንዲመግብ ይጠይቁ፤ የማይበላ ዓሣ አይግዙ። የአንዱን ዓሣ አተነፋፈስ ከጎረቤቱ ጋር ያነጻጽሩ፤ ሰውነቱን በድንጋይ የሚፈትግ ካለ ከዚያ ገንዳ ምንም አይውሰዱ። አንዳንድ ሻጮች በገንዳዎቻቸው ውስጥ አነስተኛ መጠን ያለው መዳብ ስለሚያኖሩ ተሕዋሲው ሳይሞት ይደበቃል፤ ዓሣው በቤትዎ ንጹሕ ውኃ ሁለት ሳምንት ሲቆይ በሽታው ብቅ ይላል። ስለዚህ የሱቅ ጤንነት ማስረጃ አይሆንም። ክላውንፊሽ የተባለውን ዓሣ ስገዛ ከዱር፣ ማለትም ከባሕር ከተያዘው ይልቅ በእርባታ የተወለደውን እመርጣለሁ፤ ከዱር የሚመጣው ብሩክሊኔላ የተባለውን፣ ቆዳውን በነጭ ልጋግ የሚሸፍን በሽታ ይዞ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ይህም በመዳብ የማይድንና በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚገድል ነው። መድኃኒቱ ፎርማሊን ሲሆን ለሰውም አደገኛ ስለሆነ ያለ ጓንትና ነፋሻ ቦታ አይነካም። ታንግ የሚወዱም ልብ ይበሉ፤ ከቀይ ባሕር፣ ከምፅዋና ከዳሕላክ ጋር በምንጋራው ትዝታ ምክንያት ብዙዎቻችን የምንመኘው ሐምራዊው ታንግ ውብ ቢሆንም የታንግ ወገን በሙሉ ለነጭ ነጠብጣብ ቀዳሚ ሰለባ ነው።

በመዳብ፣ በማዘዋወር ወይም በጨዋማነት

ዓሣው ለይቶ ማቆያ ከገባ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፤ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ ወይም ምልክት ባይኖርም ማከም። እኔ ለታንግና ከዱር ለመጡ ዓሦች ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ተሕዋሲው በመተንፈሻው ውስጥ ብቻ ሆኖ በቆዳው ላይ ምንም ላይታይ ይችላልና።

የተለመደው መድኃኒት መዳብ ነው። ነጭ ነጠብጣብንም ቬልቬትንም ይገድላል። የመዳብ መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ስለሆኑ የአንዱን ልክ ለሌላው መጠቀም ዓሣውን መግደል ነው፤ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተዋሕዶ የተዘጋጀው መዳብ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ሲፈልግ ያልተዋሐደው ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ይከተሉ፤ መለኪያውም ለዚያ ዓይነት መዳብ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። መጠኑን በአንድ ጊዜ አይጨምሩ፤ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉት። ልኩ ከሞላበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ይቆጠራል። በመካከሉ መጠኑ ከልኩ በታች ከወረደ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ይህ ጭካኔ ይመስላል፣ ነገር ግን አንዲት ቋጠሮ በዚያች ክፍተት ከፈነዳች የቀደመው ድካም ከንቱ ነው። ውኃ በቀየሩ ቁጥር የተተካውን ውኃ አስቀድመው በልኩ መዳብ ያዘጋጁ። በማጣሪያው ውስጥ ካርቦን ካለ ያውጡት፤ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል በመዳብ ስለሚሞቱ በዚህ ገንዳ ስፍራ የላቸውም፤ በዚሁ ምክንያት መዳብ ወደ ዋናው ገንዳ ፈጽሞ አይገባም።

መድኃኒት መጠቀም ለማይፈልግ ሰው ለነጭ ነጠብጣብ ብቻ የሚሠራ፣ ጉልበት እንጂ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ሁለት እኩል ዕቃዎች ይዘጋጃሉ፤ ዓሣው በ1ኛው ቀን በአንደኛው ይገባና በየ72 ሰዓቱ፣ ማለትም በ4ኛው፣ በ7ኛው፣ በ10ኛውና በ13ኛው ቀን አዲስ ውኃ ወዳለበት ወደ ሌላው ይዛወራል። ቋጠሮ ለመፈንዳት ቢያንስ 3 ቀን ስለሚፈጅበት ከዓሣው የወረደው ሁሉ ሳይፈነዳ ከኋላ ይቀራል፤ ዓሣው ላይ ያለውም በ7 ቀን ውስጥ መውረዱ ስለማይቀር በመጨረሻ ዓሣው ነፃ ይወጣል። የተለቀቀው ዕቃ፣ ማሞቂያውና ቧንቧው ሁሉ ታጥቦ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ፍጹም ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት። ሰዓቱን ማዛባት አይቻልም፤ በ72ኛው ሰዓት ሥራ ላይ የሚሆን ሰው ቀደም ብሎ ያዛውር እንጂ ወደ ማታ አያሳድር። መረቡን አይጠቀሙ፤ ዓሣውን ጥቂት ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ይዘው ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ያድርጉ፤ ከአሮጌው ውኃ አብሮ የሚሄደው ባነሰ ቁጥር ሥራው የተሳካ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ጨዋማነትን መቀነስ ሲሆን ይህ ዘዴ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳርቻ በእስራኤሏ ኤላት በእርባታ ዓሦች ላይ ተጠንቷል። የባሕር ውኃ ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲነጻጸር አንጻራዊ ክብደቱ 1.025 አካባቢ ነው፤ ይህን ወደ 1.009 ሲያወርዱት ቋጠሮዎቹ አያድጉም፣ አጥንት ያለው ዓሣ ግን ይቋቋመዋል። መለኪያው በትክክል የተስተካከለ ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ካልሆነ አይሞክሩት፤ 1.011 ላይ ቆሞ 1.009 ነው ብሎ ማሰብ በሽታውን ማቆየት ነው። ጨዋማነቱ በ2 ቀን ውስጥ ሊወርድ ይችላል፤ ወደ ቀድሞው ሲመለስ ግን በብዙ ቀናት ቀስ ብሎ መሆን አለበት። ቬልቬት ይህን አይፈራም፤ ከነጭ ነጠብጣብም የሚቋቋሙት ዝርያዎች አሉ፤ ስለዚህ እኔ በብቸኝነት አልተማመንበትም።

የጠፍጣፋ ትሎች ነገር ከእነዚህ የተለየ ነው። በቆዳና በመተንፈሻ ላይ ይጣበቃሉ፤ መልካቸው ከዓሣው ጋር ስለሚመሳሰል አይታዩም። ዓሣውን ሙቀቱና ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) በተስተካከለ፣ ክሎሪንና ክሎራሚን በሌለው ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ሲያቆዩት ግን ትሎቹ ነጥተው እንደ ሰሊጥ ፍሬ በዕቃው ወለል ላይ ይረግፋሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ እጄ ላይ ያለውን ዓሣ ረስቼ በወለሉ ላይ ያለውን ስቆጥር ነበር፤ 14 ነበሩ፣ ዓሣው ደግሞ በዓይን ጤነኛ ነበር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ አገር ቤት ለቢልሃርዚያ የምናውቀው ማለት ነው። በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ያህል ይጨመርና ዕንቁላሎቹን ስለማይገድል ከሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። በዚህ ጊዜ ውኃው በአየር ፓምፕ በደንብ መናጥ አለበት። ክሎሮኪንም፣ ያው የወባው ክሎሮኪን፣ ለነጭ ነጠብጣብና ለቬልቬት ያገለግላል፤ ነገር ግን በውኃ ውስጥ መጠኑን በቤት መለኪያ መከታተል ስለማይቻል ጀማሪ ከመዳብ ቢጀምር ይሻለዋል።

ኮራል፣ ድንጋይና እርጥብ እጅ

ሰው ዓሣውን 30 ቀን ለይቶ ካቆየ በኋላ ከዓሣ ገንዳ ጋር አንድ ውኃ ከሚጋራ የሱቅ መደርደሪያ የተነሣች ኮራል በቀጥታ ያስገባል። ኮራልና ቀንድ አውጣ በሽታውን አይዙም፤ ቋጠሮው ግን በተተከሉበት ድንጋይ ወይም በቅርፊታቸው ላይ ተጣብቆ ይመጣል። መፍትሔው ዓሣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ለ76 ቀን ማቆየት ነው፤ ዋናተኞቹ ይወጣሉ፣ የሚያርፉበት ያጣሉ፣ ይሞታሉ። ውኃው ዘወትር 27 ዲግሪ ሆኖ ሲቆይ ብዙ አርቢዎች 45 ቀን ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ግን ገንዳው በአስቸኳይ ካልተፈለገ ከ76ቱ ቀን አልቀንስም።

በሽታው ዋናው ገንዳ ከገባም ሥራው ይኸው ነው። ምልክት ያለውንም የሌለውንም፣ ሁሉንም ዓሣ አውጥተው በለይቶ ማቆያ ያክሙ፤ ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ 76 ቀን ይቆይ። «ይቺ አንዷ ጤነኛ ናት» ብሎ አንዲት ዓሣ መተው 76ቱን ቀን ማቃጠል ነው። ኮራሎቹና ሽሪምፖቹ ይመገቡ፤ ባክቴሪያውም እንዳይራብ ጥቂት ምግብ ይጣል።

የዓሣን ቆዳ ስለሚለቃቅመው አጽጂ ሽሪምፕ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ አልትራቫዮሌት መብራት ብዙ ይወራል። ሽሪምፑ ከቆዳ ሥር ያለውን ተሕዋሲ አይለቅምም። ነጭ ሽንኩርት የምግብ ፍላጎት ይከፍት ይሆናል እንጂ አይፈውስም። አልትራቫዮሌት በውስጡ የሚያልፉትን ዋናተኞች ይገድላል፤ ከአሸዋው ወጥተው በቀጥታ ዓሣው ላይ የሚያርፉትን ግን አያገኛቸውም። እንደ ረዳት ካልሆነ በስተቀር ለይቶ ማቆያን አይተካም።

የለይቶ ማቆያው ባልዲ፣ መረብና መለኪያ ከዋናው ገንዳ ዕቃ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ እኔ የለይቶ ማቆያውን ሁሉ በቀይ ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ሁለቱን ገንዳዎች ቢያንስ 3 ሜትር ያራርቁ፤ የቬልቬት ዋናተኞች ከአየር ፓምፕ በሚረጨው ጠብታ ተሸክመው ሊሻገሩ ይችላሉ። በየዕለቱም መጀመሪያ ዋናውን ገንዳ ይንከባከቡ፣ ከዚያ ለይቶ ማቆያውን፤ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል እንጂ በተቃራኒው አይሁን፤ በሁለቱ መካከልም እጅ እስከ ክንድ ታጥቦ ይድረቅ። ቀኑ ሲሞላ ዓሣው ብቻ ይሻገራል፤ የለይቶ ማቆያው ውኃ አንዲት ብርጭቆም ብትሆን ወደ ዋናው ገንዳ አትገባም። ገንዳው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ መዳብ የነካው ስፖንጅ ደግሞ ለሚቀጥለው ለይቶ ማቆያ ካልሆነ በስተቀር ከእንግዲህ ለሌላ ሥራ አይውልም።